አዲስ ላፕቶፕ በተደጋጋሚ ሲቋረጥ፦ የችግሩን ምንጭ መለየትና የሸማችነት መብትን ማስከበር

አዲስ ላፕቶፕ ኮምፒውተር የገዛ ዜጋ ዕቃው ያለ እንከን እንዲያገለግለው የመጠበቅ መብት አለው። ይሁን እንጂ አንዳንድ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ከተገዙ ጥቂት ቀናት ሳይቆዩ በሥራ መካከል በድንገት መጥፋት፣ ራሳቸውን ደጋግመው ማስነሣት ወይም ምንም ትእዛዝ ሳይቀበሉ ቀጥ ብለው መቅረት ይጀምራሉ። ይህም የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅን ተማሪ፣ የሒሳብ መዝገቡን በኮምፒውተር የሚይዝን ነጋዴ ወይም የአገልግሎት ማመልከቻ በበይነ መረብ የሚሞላን ተገልጋይ ለሥራ መስተጓጎልና ለሰነድ መጥፋት ይዳርጋል።

እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም በተለምዶ የሚወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ ኮምፒውተሩን ወደ ጥገና ቤት ወስዶ “ፎርማት” ማስደረግ ነው። እርምጃው ለቆየ ኮምፒውተር ተገቢ ሊሆን ይችላል። በአዲስ ዕቃ ላይ ሲወሰድ ግን የብልሽቱን ማስረጃ ያጠፋል፤ ክዳኑ ከተከፈተም የአምራቹን ዋስትና ሊያሳጣ ይችላል፤ ከሁሉም በላይ በሕግ የተሰጠውን አጭር ጊዜ ያባክናል። ስለሆነም በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ወሳኙ ጉዳይ የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል ነው፦ በመጀመሪያ መመዝገብ፣ ቀጥሎ መመርመር፣ ጉድለቱ የዕቃው መሆኑ ከታወቀ ደግሞ ጊዜው ሳያልፍ ለሻጩ ማመልከት።

ይህ ጽሑፍ ተገልጋዮች ያለ ባለሙያ እገዛ ሊያከናውኗቸው የሚችሏቸውን እርምጃዎች በቅደም ተከተል ያብራራል። መመሪያው በዋናነት ዊንዶውስ 11 የተጫነባቸውን ኮምፒውተሮች ይመለከታል። የማውጫዎቹ ስያሜዎች በእንግሊዝኛው ገጽታ ላይ እንደሚነበቡት በአማርኛ ፊደል ተጽፈዋል።

1. በቅድሚያ ሊታወቁ የሚገባቸው የጊዜ ገደቦች

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በተገዛ ዕቃ ላይ ጉድለት የተገኘ እንደሆነ ሸማቹ ዕቃውን በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ ሻጩ እንዲለውጥለት ወይም የከፈለውን ዋጋ እንዲመልስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ለሸማቹ የተሻለ ጥቅም የሚያስገኝ ዋስትና ወይም ውል ካለ እርሱ እንደተጠበቀ ይቆያል። በመሆኑም አምራቹ የአንድ ዓመት ዋስትና ሰጥቶ ከሆነ የ15 ቀኑ ማለፍ ይህንን ዋስትና አያስቀረውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢው የተረከበውን ዕቃ በተቻለ ፍጥነት እንዲመረምርና ጉድለት ባገኘ ጊዜ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ 15ቱ ቀናት የሚቆጠሩት ዕቃው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ እንጂ ብልሽቱ ከታየበት ቀን ጀምሮ አለመሆኑ ነው። ለምሳሌ ጥር 5 ቀን የተገዛ ላፕቶፕ ጥር 15 ቀን መቋረጥ ቢጀምር ለገዢው የሚቀሩት ጥቂት ቀናት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ብልሽቱ እንደታየ በዚያው ቀን ለሻጩ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ማሳወቅና ምርመራውን ጎን ለጎን ማካሄድ ይመከራል። ማሳወቅ ምርመራን አያስቀርም፤ ምርመራም ላለማሳወቅ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

2. የችግሩን ዓይነት መለየት

“ኮምፒውተሩ ይጠፋል” የሚለው አገላለጽ ብዙ የተለያዩ ችግሮችን ያጠቃልላል። መፍትሔውም እንደ ችግሩ ዓይነት ስለሚለያይ ከሚከተሉት የትኛው እንደሚያጋጥምዎ ይለዩ።

ሀ) አንድ ፕሮግራም ብቻ የሚዘጋ ከሆነ፦ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሥራቸውን እየቀጠሉ አንዱ ብቻ ደጋግሞ የሚዘጋ ከሆነ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የዚያ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን ማዘመን ወይም አጥፍቶ እንደገና መጫን በቂ ሊሆን ይችላል።

ለ) የስሕተት መልእክት ያለበት ገጽ የሚታይ ከሆነ፦ ዊንዶውስ ሥራውን መቀጠል ሲሳነው መላውን ስክሪን የሚሸፍን መልእክት ያሳያል። ገጹ ለብዙ ዓመታት ሰማያዊ የነበረ ሲሆን በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው የዊንዶውስ 11 ማሻሻያ ወደ ጥቁር ተቀይሯል። በገጹ ላይ “ስቶፕ ኮድ” የሚባል የስሕተት ስያሜ ይገኛል።

ሐ) ስታክ የሚያደርግ ከሆነ፦ ምስሉ ባለበት ቆሞ ማውዙም ኪቦርዱም የማይሠሩ ከሆነ የ“ካፕስ ሎክ” ቁልፍን ይጫኑ። የቁልፉ መብራት የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ አልቆመም፤ ችግሩም ከምስል ማሳያው ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍት እና የ“ቢ” ቁልፎችን በአንድነት መጫን የግራፊክስ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሣል። ምንም ለውጥ ከሌለ የማብሪያ ቁልፉን ከ10 ሰከንድ በላይ ተጭኖ በመያዝ ኮምፒውተሩን ማጥፋት ይቻላል።

መ) ያለ ምንም መልእክት በቅጽበት የሚጠፋ ከሆነ፦ መብራት እንደጠፋበት መሣሪያ ድንገት ጥቁር የሚሆን ከሆነ በቅድሚያ ሊጠረጠሩ የሚገባቸው የኃይል አቅርቦት፣ ባትሪ ወይም ሙቀት ናቸው።

3. ማስረጃን መመዝገብና ሰነድን ማዳን

ምንም ዓይነት ማስተካከያ ከማድረግዎ በፊት የሚከተሉትን ያከናውኑ።

3.1. ብልሽቱ በታየ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ይሠሩት የነበረውን ሥራ፣ ቻርጀሩ ተሰክቶ እንደነበርና እንዳልነበር እንዲሁም የኮምፒውተሩን የሙቀት ሁኔታ በማስታወሻ ይጻፉ።

3.2. የስሕተት መልእክቱን በስልክዎ ፎቶግራፍ ያንሡ። የሚቻል ከሆነ ኮምፒውተሩ ሲቋረጥ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ይቅረጹ። ለሻጭ ሲታይ በመልካም ሁኔታ የሚሠራ፣ ቤት ሲደርስ ግን የሚቋረጥ ኮምፒውተር ብዙ ክርክር ያስነሣል፤ ቪዲዮው ይህንን ክርክር ያሳጥራል።

3.3. በዊንዶውስ የመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ “ሪላያቢሊቲ” የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በመጻፍ “ቪው ሪላያቢሊቲ ሂስትሪ” የሚለውን ይክፈቱ። ገጹ ኮምፒውተሩ በየቀኑ ያጋጠሙትን ብልሽቶች በቀይ ምልክት ያሳያል፤ የሲስተሙንም መረጋጋት ከ1 እስከ 10 ባለው መለኪያ ያስቀምጣል። ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋው ዋናው ማስረጃ ይህ ስለሆነ ገጹን ፎቶግራፍ አንሥተው ያስቀምጡ።

3.4. ሰነዶችዎን ወደ ፍላሽ፣ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ወይም ወደ በይነ መረብ ማከማቻ ይገልብጡ። ደጋግሞ የሚቋረጥ ኮምፒውተር በማንኛውም ሰዓት ጨርሶ ላይነሣ ይችላል።

3.5. የደረሰኝዎን ቅጂ ይያዙ። ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚወጣው ወረቀት በሙቀትና በጊዜ ብዛት ጽሑፉ ስለሚደበዝዝ በገዙበት ሳምንት ፎቶኮፒ ማድረግ ወይም ፎቶግራፍ ማንሣት ያስፈልጋል።

3.6. የመክፈቻ ቁልፍዎን ያረጋግጡ። በብዙ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ዊንዶውስ 11 በዲስኩ ላይ ያለውን መረጃ በራሱ ያመሰጥራል። ከአንዳንድ ማስተካከያዎች በኋላ ኮምፒውተሩ “ቢትሎከር ሪከቨሪ ኪይ” የተባለ ባለ 48 አኃዝ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ በአብዛኛው የሚቀመጠው ኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት በተመዘገበው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩን ያስጀመረልዎት ሻጭ በራሱ አካውንት ከሆነ ቁጥሩ በእርስዎ እጅ አይገኝም ማለት ነው፤ ስለዚህ ወደ ቀጣዩ እርምጃ ከማለፍዎ በፊት ቁጥሩን ይቀበሉ።

4. የኤሌክትሪክ ኃይልና ሙቀት

ይህ ክፍል ወጪ የማይጠይቅና በአንድ ቀን ሊጠናቀቅ የሚችል ስለሆነ በቅድሚያ ሊከናወን ይገባል።

4.1. ቻርጀሩን ማረጋገጥ፦ በአገራችን የሚሠራጨው የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የአብዛኞቹ ላፕቶፖች ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ከውጭ አገር የመጣ ቢሆንም የሶኬት ማመቻቻ ብቻ ይበቃዋል። ይህም በቻርጀሩ ላይ “ኢንፑት” በሚለው መስመር ተጽፎ ይገኛል። ዋናው ጥያቄ ቻርጀሩ የሚሰጠው የዋት መጠን ነው። 65 ዋት የሚፈልግ ኮምፒውተር 45 ዋት በሆነ ቻርጀር ሲሠራ ከባድ ሥራ ሲበዛበት ሊዳከም ወይም ባትሪው እየተሰካ ሊያልቅ ይችላል። በካርቶኑ ውስጥ የነበረው ቻርጀር የዚያው ሞዴል መሆኑን ያረጋግጡ።

4.2. በባትሪና በቻርጀር ለይቶ መሞከር፦ በመጀመሪያ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ብቻ፣ ቀጥሎ ከዲቫይደር ይልቅ በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ላይ ሰክተው ይሥሩ። ችግሩ የሚታየው ቻርጀሩ ሲሰካ ብቻ ከሆነ ቻርጀሩ ወይም የኤሌክትሪክ መስመሩ ይጠረጠራል። በባትሪ ብቻ ሲሠራ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ይጠረጠራል። በሌላ ቤት ባለ መስመር ላይም መሞከር ምክንያቱን ይበልጥ ያጠራዋል።

4.3. መብራት ሲጠፋና ሲመጣ፦ መብራት ተመልሶ በሚመጣበት ቅጽበት የኃይሉ መጠን ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን መንቀልና ተመልሶ ከመጣ ጥቂት ደቂቃዎች በኋላ መሰካት ጉዳትን ይቀንሳል።

4.4. ሙቀት፦ አብዛኞቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸው ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሙቀቱ ከቀጠለ ኮምፒውተሩ ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ይጠፋል። ላፕቶፑን በአልጋ፣ በሶፋ ወይም በጨርቅ ላይ አስቀምጦ መጠቀም የአየር መግቢያውን ይደፍናል። ብዙ አምራቾች ኮምፒውተሮቻቸው እስከ 35 ዲግሪ በሚደርስ የአካባቢ ሙቀት እንዲሠሩ ስለሚያዘጋጁ፣ በቆላማ አካባቢዎች የሚኖሩ ተገልጋዮች ከባድ ሥራዎችን ቀዝቀዝ ባለ ሰዓት ቢያከናውኑ ይመረጣል። ላፕቶፑ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ እየሠራ እያለም የሚጠፋ ከሆነ ወይም የማቀዝቀዣው ፋን ድምፅ ጨርሶ የማይሰማ ከሆነ ጉድለቱ የዕቃው ሊሆን ስለሚችል ይመዝግቡት። አንዳንድ ቀላል ሞዴሎች ከመነሻው ፋን የሌላቸው መሆናቸውንም ልብ ይበሉ።

5. የሶፍትዌር ምክንያቶች

አካሉ ሙሉ ጤነኛ የሆነ ኮምፒውተር በሶፍትዌር ስሕተት ብቻ ሊወድቅ ይችላል። ለዚህ በቂ ማሳያ የሚሆነው ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የደረሰው ክስተት ነው። በዕለቱ ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ የላከው አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አቋርጧል። ኮምፒውተሮቹ አልተበላሹም ነበር፤ ስሕተት ያለበት ፋይል ሲወገድ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ከዚህ የምንረዳው ኮምፒውተሩን ብልሹ ነው ከማለት በፊት ሶፍትዌሩን መፈተሽ እንደሚገባ ነው።

5.1. ማሻሻያዎችን መጫን፦ አዲስ ላፕቶፕ በካርቶን ውስጥ ወራትን ሊያስቆጥር ስለሚችል ሶፍትዌሩ ያረጀ ሊሆን ይችላል። “ሴቲንግስ” ከሚለው “ዊንዶውስ አፕዴት” ውስጥ ገብተው ያሉትን ማሻሻያዎች ይጫኑ። “አድቫንስድ ኦፕሽንስ” ውስጥ “ኦፕሽናል አፕዴትስ” የሚለውን በመክፈትም የድራይቨር ማሻሻያዎች መኖራቸውን ይመልከቱ። ማሻሻያዎቹ ብዙ ጊጋባይት ሊወስዱ ስለሚችሉ በስልክ ዳታ ሳይሆን በዋይፋይ ማውረድ ወጪን ይቀንሳል። በሂደቱ ጊዜ ቻርጀሩ ተሰክቶ ይቆይ።

5.2. ብልሽቱ የጀመረው ከማሻሻያ በኋላ ከሆነ፦ በ“ዊንዶውስ አፕዴት” ሥር “አፕዴት ሂስትሪ” ውስጥ በመግባት የመጨረሻውን ማሻሻያ ማስወገድ ይቻላል። የተቀየረው ድራይቨር ብቻ ከሆነ ደግሞ በ“ዲቫይስ ማኔጀር” ውስጥ “ሮል ባክ ድራይቨር” የሚለው ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል።

5.3. በኋላ የተጨመሩ ፕሮግራሞች፦ ሁለት ጸረ ቫይረሶች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሲጫኑ እርስ በርስ ሊጋጩ ይችላሉ። ዊንዶውስ የራሱ ጸረ ቫይረስ ስላለው ተጨማሪውን አስወግደው ይሞክሩ። ያለ ፈቃድ የተገለበጡ ፕሮግራሞችና “ክራክ” በመባል የሚታወቁት መክፈቻዎች የሲስተም ፋይሎችን የሚነካኩና ቫይረስ ሊይዙ የሚችሉ በመሆናቸው በቅድሚያ ሊጠረጠሩ ይገባል። ሻጩ “ሁሉንም ፕሮግራም ጭኜልሃለሁ” ብሎ ከሰጠ ምን ምን እንደተጫነ በዝርዝር ይጠይቁ።

5.4. የማከማቻ ቦታ፦ ዋጋቸው ዝቅተኛ የሆኑ አንዳንድ ላፕቶፖች 64 ጊጋባይት ማከማቻ ብቻ አላቸው። ዊንዶውስና ጥቂት ፕሮግራሞች ይህንን በቀላሉ ስለሚሞሉት ማሻሻያዎች በትክክል መጫን ይሳናቸዋል፤ ሲስተሙም ይንቀረፈፋል። ቦታ ያስለቅቁ።

5.5. በሴፍ ሞድ መሞከር፦ “ሴቲንግስ”፣ “ሲስተም”፣ “ሪከቨሪ” ከዚያም “አድቫንስድ ስታርትአፕ” የሚለውን በመምረጥ ኮምፒውተሩን ያስነሡ። በሚመጣው ገጽ ላይ “ትራብልሹት”፣ “አድቫንስድ ኦፕሽንስ”፣ “ስታርትአፕ ሴቲንግስ” የሚሉትን ተከትለው “ሪስታርት” ይበሉ፤ ዝርዝሩ ሲመጣ ቁጥር 4ን ይጫኑ። በዚህ ሁኔታ ዊንዶውስ የሚሠራው በጣም አስፈላጊ በሆኑ ድራይቨሮች ብቻ ነው። በሴፍ ሞድ ለሰዓታት ሳይቋረጥ የሚሠራ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨር ወይም ወደ ተጨመረ ፕሮግራም ያዘነብላል። በሴፍ ሞድም የሚቋረጥ ከሆነ ወደ ሃርድዌር ያዘነብላል።

5.6. ፋይል ሳይጠፋ ሲስተሙን መጠገን፦ በዚያው “ሪከቨሪ” ገጽ ላይ የሚገኘው “ፊክስ ፕሮብሌምስ ዩዚንግ ዊንዶውስ አፕዴት” የሚለው አማራጭ ሰነዶችንና ፕሮግራሞችን ሳያጠፋ ዊንዶውስን እንደገና ይጭናል። ፎርማት ከማድረግ በፊት ሊሞከር ይገባል።

6. የኮምፒውተሩን አካላት መመርመር

ከዚህ በታች ያሉት ምርመራዎች የኮምፒውተሩን ክዳን መክፈት አይጠይቁም። በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ክዳኑን እርስዎም ሆኑ የግል ጠጋኝ ሊከፍቱት አይገባም።

6.1. ራም፦ በመፈለጊያው ሳጥን “ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ” የሚለውን ፈልገው ያስጀምሩ። ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ሲነሣ ምርመራውን ያካሂዳል። ስሕተት ከተገኘ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ የራም ስሕተት በተጠቃሚው አያያዝ የሚመጣ ችግር እምብዛም አይደለም።

6.2. ማከማቻ ዲስክ፦ “ሴቲንግስ”፣ “ሲስተም”፣ “ስቶሬጅ”፣ “አድቫንስድ ስቶሬጅ ሴቲንግስ”፣ “ዲስክስ ኤንድ ቮልዩምስ” በሚለው ቅደም ተከተል ገብተው የዲስኩን “ፕሮፐርቲስ” ይክፈቱ። በብዙ አዳዲስ ኤስኤስዲ ዲስኮች ላይ የቀሪ ዕድሜ ግምትና የሙቀት መጠን ይታያል። አዲስ የተባለ ዲስክ ቀሪ ዕድሜው ከ100 በመቶ በግልጽ ያነሰ ከሆነ፣ ከብልሽቱ ባሻገር ዕቃው ያገለገለ ስለመሆኑ ጥያቄ ያስነሣል።

6.3. የአምራቹ ምርመራ፦ ብዙ አምራቾች በኮምፒውተሩ ውስጥ የራሳቸውን መመርመሪያ አስቀምጠዋል። በኤችፒ ላፕቶፖች ላይ ኮምፒውተሩ ሲበራ “ኢስኬፕ” ቁልፍን ደጋግሞ ከተጫኑ በኋላ “ኤፍ 2”፣ በዴል ላይ ደግሞ “ኤፍ 12” ተጭኖ “ዳያግኖስቲክስ” የሚለውን መምረጥ ይቻላል። ይህ ምርመራ የሚካሄደው ከዊንዶውስ ውጪ ስለሆነ ውጤቱ “የሶፍትዌር ችግር ነው” ለሚል ምላሽ በቂ መልስ ይሆናል። ጉድለት ሲያገኝ የሚሰጠውን የስሕተት ቁጥር ይመዝግቡ፤ የአምራቹ ወኪል ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ይህንኑ ቁጥር ነው።

6.4. የስቶፕ ኮዶች አመላካችነት፦ “ሜሞሪ ማኔጅመንት” የሚለው ኮድ ወደ ራም ወይም ወደ ድራይቨር፣ “ዊያ አንኮሬክተብል ኤረር” የሚለው ወደ ሃርድዌር፣ “ቪዲዮ ቲዲአር ፌይለር” የሚለው ወደ ግራፊክስ ድራይቨር ወይም ካርድ፣ “ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ” የሚለው ደግሞ ወደ ማከማቻ ዲስክ ወይም ወደ ድራይቨሩ ያመለክታሉ። ኮዶቹ አቅጣጫ ጠቋሚ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደሉም። በተለይ በ“ኢቨንት ቪወር” ውስጥ የሚታየው “ከርነል ፓወር 41” ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ እንደተነሣ ብቻ የሚገልጽ ነው። በስያሜው ምክንያት የቻርጀር ወይም የመብራት ችግር ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

የአፕል ማክ ተጠቃሚዎች የአፕል ፕሮሰሰር ባላቸው ሞዴሎች ላይ የማብሪያ ቁልፉን የማስጀመሪያ አማራጮች እስኪታዩ ድረስ ተጭነው ከያዙ በኋላ የ“ኮማንድ” እና የ“ዲ” ቁልፎችን በአንድነት በመጫን ተመሳሳይ ምርመራ ማካሄድ ይችላሉ።

7. ወደ መነሻ ይዘቱ መመለስ፦ የመጨረሻው ፈተና

በ“ሪከቨሪ” ገጽ ላይ የሚገኘው “ሪሴት ዚስ ፒሲ” ኮምፒውተሩን ወደ መነሻ ይዘቱ ይመልሳል። “ክላውድ ዳውንሎድ” የሚለው አማራጭ ከ4 ጊጋባይት በላይ ዳታ ሊወስድ ይችላል። ይህ እርምጃ በመጨረሻ እንዲሆን የተደረገው ሪሴት ማድረግ ቀደም ሲል የተመዘገቡ ማስረጃዎችን ስለሚያጠፋ ነው። ማስረጃዎቹ በፎቶግራፍ ከተያዙና ሰነዶች ከዳኑ በኋላ ሲከናወን ግን ራሱ ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል፦ ምንም ፕሮግራም ሳይጨመርበት፣ በራሱ ቻርጀርና በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ የሚቋረጥ ኮምፒውተር ጉድለቱ የዕቃው ለመሆኑ ከፍተኛ አመላካች ነው። የሚቻል ከሆነ ለሻጩ አሳውቀው ወይም በፊቱ ያከናውኑት። የቀሩዎት ቀናት ጥቂት ከሆኑ ግን ይህንን ፈተና ሳይጠብቁ ማመልከቻዎን ያስገቡ።

8. ዕቃው በእርግጥ አዲስ ስለመሆኑ ማረጋገጥ

ያገለገለ ወይም የታደሰ ላፕቶፕ እንደ አዲስ የሚሸጥበት አጋጣሚ ስለሚኖር የሚከተሉትን ያጣሩ፦

- በካርቶኑ፣ በኮምፒውተሩ ሥር እና በባዮስ ገጽ ላይ ያለው የመለያ ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን፤
- መለያ ቁጥሩን በአምራቹ ኦፊሴላዊ ድረ ገጽ ላይ በማስገባት ዋስትናው የጀመረበትን ቀን። ዋስትናው እርስዎ ከገዙበት ቀን ከረዥም ጊዜ በፊት ጀምሮ ከሆነ ለሻጩ ማብራሪያ ይጠይቁ፤
- የተጫነው ዊንዶውስ 10 ከሆነ፣ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃ መሆኑንና ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11 መቀበል የሚችል መሆኑን፤
- የብሎኖቹ ጭረት፣ የኪቦርዱ ማንጸባረቅና የሶኬቶቹ መላላት የአገልግሎት ምልክት መሆን አለመሆናቸውን።

9. ለሻጩ ማመልከት

ጉድለቱ የዕቃው መሆኑን የሚያመለክት ውጤት ካገኙ ወይም ከሁለትና ከሦስት ቀናት ምርመራ በኋላ ብልሽቱ ከቀጠለ ለሻጩ በጽሑፍ ያመልክቱ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው በአንዱ ላይ የመቀበያ ፊርማ፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። ሻጩ ለመቀበል ፈቃደኛ ካልሆነ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት ይላኩና የተላከበትን ገጽ ያስቀምጡ። ለማመልከቻው የሚከተለው ምሳሌ ሊያገለግል ይችላል፦

“ቀን፦ ______
ለ፦ ______ (የሻጩ ስም)
ጉዳዩ፦ ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ
በ______ ቀን በደረሰኝ ቁጥር ______ የገዛሁት፣ የመለያ ቁጥሩ ______ የሆነ ላፕቶፕ ከ______ ቀን ጀምሮ በተደጋጋሚ እየተቋረጠ ይገኛል። ብልሽቱ የታየባቸው ቀናትና ያካሄድኳቸው ምርመራዎች ውጤት ከዚህ ማመልከቻ ጋር ተያይዟል። ስለሆነም በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ዕቃው እንዲለወጥልኝ ወይም የከፈልኩት ዋጋ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።
ስምና ፊርማ፦ ______”

ሻጩ “ትተውት ይሂዱ፣ እናየዋለን” ቢል ኮምፒውተሩን ያስረከቡበትን ቀን፣ የመለያ ቁጥሩንና የታየውን ብልሽት የሚገልጽ የርክክብ ወረቀት ሳይቀበሉ አይተዉት። ከማስረከብዎ በፊትም የግል ሰነዶችዎን ይገልብጡ፤ ከኢሜይልና ከባንክ አገልግሎት አካውንቶችዎ ይውጡ።

ሻጩ ምላሽ ካልሰጠ ወይም ጥያቄውን ካልተቀበለ ደረሰኙን፣ የማመልከቻውን ቅጂና ማስረጃዎቹን ይዘው ሱቁ ለሚገኝበት ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ። በፌዴራል ደረጃ የሸማቾች ጥበቃ ተግባር በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 መሠረት የተሰጠው ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው።

10. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

በሱቁ ውስጥ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። መብቴን ያስቀራል?
ማስታወቂያው ጥያቄዎን በጽሑፍ ከማቅረብ ሊያግድዎት አይገባም። ጥያቄዎ የሚመሠረተው ሐሳብዎን በመቀየርዎ ላይ ሳይሆን በዕቃው ጉድለት ላይ መሆኑን በግልጽ ይጻፉ።

ደረሰኝ አልተቀበልኩም። ምን ማድረግ እችላለሁ?
ክፍያውን በባንክ ወይም በሞባይል ገንዘብ ፈጽመው ከሆነ የዝውውሩን ማረጋገጫ፣ ከሻጩ ጋር የተለዋወጧቸውን መልእክቶችና ካርቶኑን ይያዙ። ወደፊት ግን የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ሳይቀበሉ ዕቃ አይረከቡ።

ላፕቶፑን ዘመድ ከውጭ አገር የላከልኝ ነው። ለማን ላመልክት?
ዕቃው የተገዛው በሌላ አገር ስለሆነ ጥያቄው የሚቀርበው እዚያ ላለው ሻጭ ነው፤ ስለዚህ ደረሰኙ በላኪው ዘንድ ተጠብቆ ሊቆይ ይገባል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከነጋዴ የተገዛ አዲስ ዕቃ ቢያንስ የሁለት ዓመት ሕጋዊ ዋስትና አለው። በሌሎች አገሮች የመመለሻ ጊዜው እንደ አገሩ ሕግና እንደ ሱቁ ደንብ ይለያያል። የአምራቹ ዋስትና በኢትዮጵያ የሚሠራ መሆኑን ግን በመለያ ቁጥሩ አማካይነት ከአምራቹ ማጣራት ይቻላል፤ አንዳንድ ዋስትናዎች የሚሠሩት ዕቃው በተሸጠበት አገር ብቻ ነው።

15 ቀናት አልፈዋል። ሁሉም ነገር አብቅቷል?
አላበቃም። የአምራቹ ወይም የሻጩ ዋስትና ጊዜ ካላለፈ በዚያ መሠረት ጥገና ወይም ቅያሪ መጠየቅ ይቻላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ያለዎትን መብት በተመለከተም የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። በሁሉም ሁኔታ ጉድለቱን ባወቁበት ቀን ማሳወቅዎ ጥያቄዎን ያጠናክረዋል።

ሻጩ በራሱ ጠጋኝ እንዲከፈት ቢጠይቅስ?
ሻጩ የሚያስከፍተው ከሆነ ይህንኑ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልዎት ይጠይቁ። የአምራቹ ዋስትና ያለው ኮምፒውተር በአምራቹ በታወቀ የአገልግሎት ማዕከል ቢታይ ይመረጣል። በጥገና የሚቆይበት ጊዜም በርክክብ ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ።